ያገለገለ ትራክተር ሲገዛ ከቀለሙ በፊት ካምቢዮው ይታይ

በሬ ሊገዛ ገበያ የወጣ ገበሬ የሚያደርገውን ሁሉም ያውቀዋል። አፉን ከፍቶ ጥርሱን ያያል፤ ሻኛውን ይዳብሳል፤ ሰኮናውን ይመለከታል፤ ጥቂት አስኪዶ አረማመዱን ያጤናል፤ ቀንበር የለመደ መሆኑን ከጫንቃው ምልክት ያረጋግጣል። ሻጩ የሚለውን ይሰማል እንጂ በሻጩ ቃል ብቻ ገንዘቡን ከመቀነቱ አያወጣም። ይኸው ገበሬ፣ ወይም እሱን ወክሎ የሚገዛው የኅብረት ሥራ ማኅበር ኮሚቴ፣ የብዙ በሬ ዋጋ የሚያወጣ ያገለገለ ትራክተር ሲገዛ ግን ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው ሦስት ነገር ነው። ስንት ፈረስ ጉልበት ነው? ሞተሩ ይነሳል? ዋጋውስ ስንት ነው? ቀለሙ አዲስ ከሆነና ጎማው ካልተላጠ ድርድሩ ይጀመራል።

ሳሩን አይቶ ገደሉን አለማየት ማለት ይህ ነው። ሞተር ከታመመ ይጮኻል፤ ይጨሳል፤ ዘይት ይተፋል። በሞተሩና በኋላ ጎማዎቹ መካከል ያለው ካምቢዮ ግን በብረት የተዘጋ ሳጥን ነው። ሻጩ ግቢ ውስጥ ባዶውን ወደፊትና ወደኋላ ሲነዳ ጤነኛ የሚመስለው ካምቢዮ ማረሻ ሲጎትት ሌላ ሊሆን ይችላል። ደግሞም ሁሉም ካምቢዮ አንድ ዓይነት አይደለም። ተመሳሳይ ስም፣ ተመሳሳይ ሞተርና ተመሳሳይ ቀለም ያላቸው ሁለት ትራክተሮች በካምቢዮአቸው ምክንያት አንዱ ለደጋው ተዳፋት፣ ሌላው ለቆላው ሜዳ የሚመች ሆነው ይገኛሉ። 

ጉዳዩን ዛሬ የምናነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። ኩታ ገጠም እርሻ በተስፋፋ ቁጥር የትራክተር ፍላጎት እያደገ ነው። መንግሥት በ2011 ዓ.ም የእርሻ ሜካናይዜሽን መሣሪያዎች ከቀረጥ ነጻ እንዲገቡ መፍቀዱ በር ከፍቷል። ሆኖም የአዲስ ትራክተር ዋጋ ከአብዛኛው አርሶ አደርና ከብዙ መሠረታዊ ማኅበራት አቅም በላይ ነው። ስለዚህ ከባለሀብት የሚሸጥ፣ በሐራጅ የሚወጣ ወይም በደላላ በኩል የሚመጣ ያገለገለ ትራክተር ለብዙዎች ወደ ሜካናይዜሽን መግቢያ በር ነው። በሩ ወዴት እንደሚያስገባ ግን አስቀድሞ ማየት ያስፈልጋል።

ሁለት ትራክተር፣ አንድ ስም

ነገሩን በምሳሌ እናስረዳ። ሁለት ያገለገሉ ማሴ ፈርጉሰን 290 ትራክተሮች ጎን ለጎን ቆመው ለሽያጭ ቀረቡ እንበል። ሁለቱም ባለ 4 ሲሊንደር ፐርኪንስ ሞተር አላቸው። አንደኛው ባለ 8 ማርሽ ነው። ሁለተኛው ባለ 12 ማርሽ ሲሆን ማልቲ ፓወር የሚባለው ስልት ተገጥሞለታል። ሻጩ ሁለተኛውን «ዘመናዊው» ይለዋል፤ ዋጋም ይጨምርበታል።

ባለ 8 ማርሹ አሠራሩ ቀላል ነው። በአንዱ ዘንግ ከ1 እስከ 4 ማርሽ ይመረጣል፤ በሌላው ዘንግ ከባድና ቀላል ይለያል። 4 በ2 ሲባዛ 8 ወደፊት፣ 2 ደግሞ ወደኋላ ይሆናል። ማርሽ ለመቀየር ፍሪሲዮን መርገጥ ግድ ነው። ማረሻ መሬት ውስጥ ገብቶ እያለ ፍሪሲዮን ከተረገጠ ትራክተሩ ወዲያው ይቆማል። ስለዚህ ሹፌሩ ትልም ከመጀመሩ በፊት ትክክለኛውን ማርሽ መምረጥ አለበት።

በባለ 12 ማርሹ ላይ ዋናው ዘንግ 3 ማርሽ፣ ሁለተኛው ዘንግ ከባድና ቀላል አለው። በዚህ ላይ ማልቲ ፓወር ሌላ ሁለት ፍጥነት ይጨምራል፤ 3 በ2፣ እንደገና በ2 ሲባዛ 12 ይሆናል። ወደኋላም 4 አለው። ልዩነቱ የማልቲ ፓወሩ ትንሽ እጀታ ፍሪሲዮን ሳይረገጥ፣ ትራክተሩ እየሄደ መቀየር መቻሉ ነው። ሹፌሩ ዋልካ መሬት እያረሰ ጠንከር ያለ ቦታ ሲገጥመው እጀታውን ወደ ዝቅተኛው ያደርጋል፤ ቦታው ሲያልፍ ወደ ከፍተኛው ይመልሰዋል። ማረሻው ሳይቆም ሥራው ይቀጥላል። ይህ ጥቅም እውነተኛ ነው፤ ማንም ሊያጣጥለው አይገባም።

ጥቅሙ ግን ዋጋ አለው። ማልቲ ፓወር በከፍተኛው ሲሆን ኃይል የሚያስተላልፈው በዘይት ግፊት የሚጨበጥ የፍሪሲዮን ዲስኮች ስብስብ ነው። ወደ ዝቅተኛው ሲደረግ የዘይቱ ግፊት ይለቀቅና ኃይሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ በሚይዝ ማያያዣ በኩል ያልፋል። ብስክሌት የነዳ ሰው ይህን ያውቀዋል። ፔዳሉን ሲመታ ጎማው ይዞራል፤ እግሩን ሲያቆም ግን ጎማው መዞሩን አያቆምም። በዝቅተኛው ያለ ማልቲ ፓወርም እንዲሁ ነው። ሞተሩ ጎማውን መግፋት ይችላል፤ ጎማው ከሞተሩ ሲፈጥን ግን ሞተሩ ሊይዘው አይችልም።

ቁልቁለት ላይ ሞተር ካልያዘ

ይህ የቴክኒክ ዝርዝር ብቻ ሳይሆን የሰው ሕይወት ጉዳይ ነው። ባለ 8 ማርሽ ትራክተር የተጫነ ተሳቢ ይዞ ቁልቁለት ሲወርድ በከባድ ማርሽ ከገባ ሞተሩ ራሱ ይይዘዋል፤ ፍሬኑ ረዳት ያገኛል። ማልቲ ፓወሩ በዝቅተኛው የተደረገ ትራክተር ግን ረዳት የለውም። ከተሳቢው ጋር ጠቅላላ ክብደቱን የሚሸከመው ፍሬኑ ብቻ ነው። በእኛ አገር የተሳቢዎች ፍሬን በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ ባለቤቶቹ ያውቁታል።

አደገኛ የሚያደርገው ደግሞ የሹፌሩ ልማድ ነው። ቁልቁለት ሲመጣ ወደ «ዝቅተኛ» መቀየር ለማንኛውም ሹፌር ትክክል ይመስለዋል። በማልቲ ፓወር ግን ትክክሉ ተቃራኒው ነው። ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ቆሞ በዋናው ዘንግ ከባዱን ማርሽ ማስገባት፣ የማልቲ ፓወሩን እጀታ ግን በከፍተኛው ላይ መተው ያስፈልጋል። ይህን ያልተነገረው ሹፌር ለጥንቃቄ ብሎ የሚያደርገው ነገር ወደ አደጋ ይወስደዋል። በከፍተኛው እየወረደም ቢሆን ሞተሩ ድንገት ከጠፋ ወይም የዘይት ግፊቱ ከወረደ ካምቢዮው ራሱ ይለቀቃል።

በዚሁ ምክንያት ማልቲ ፓወር ያለውን ትራክተር ማርሽ ውስጥ አስገብቶ ማቆም በቂ አይደለም፤ ሞተሩ ሲጠፋ ግፊት ስለሌለ ተዳፋት ላይ ወደፊት ሊንሸራተት ይችላል። የእጅ ፍሬኑ የሚሠራ መሆን አለበት፤ ጎማውም ድንጋይ ሊደረግበት ይገባል። ባትሪ ሲደክም እንደሌላው ትራክተር ወደፊት ጎትቶ ማስነሳትም አይቻልም። ባትሪ በቀላሉ በማይገኝበት ቀበሌ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

የክልላችን መልክዓ ምድር ይታወቃል። ከደጀን ወደ አባይ በረሃ የሚወርደውን መንገድ ወይም ሊማሊሞን ያየ ሰው ቁልቁለት ምን እንደሆነ ማስረዳት አያሻውም። ዋናው መንገድ እንኳ እንዲህ ከሆነ ከማሳ ወደ መንደር የሚወስደው ጥርጊያ መንገድ የከፋ ነው። ትራክተር ደግሞ እኛ ዘንድ አርሶ ብቻ አያድርም። እህል ያጓጉዛል፤ ማዳበሪያ ያመጣል፤ ድንጋይና አሸዋ ይጭናል። በገበያ ቀን ተሳቢው ላይ ሰው ሲሳፈር ማየትም የተለመደ ሆኗል። ይህ ልማድ በየትኛውም ካምቢዮ መቆም ያለበት ነው። ሞተር የማይዘው ትራክተር ላይ ሲሆን ግን በሰው ሕይወት መቆመር ይሆናል።

የቆመ ትራክተር ሂሳብ

ሁለተኛው ጉዳይ ጥገና ነው። ለስሌት ያህል ባለ 3 ዲስክ ማረሻ 90 ሴንቲ ሜትር ያህል እንደሚቆርጥና ትራክተሩ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር እንደሚሄድ እንያዝ። ይህ በሰዓት 4 ሺህ 500 ካሬ ሜትር ይሆናል። ለመዞሪያና ለልዩ ልዩ መቆሚያ ሩቡን ብንቀንስ፣ በቀን 10 ሰዓት የሠራ ትራክተር 3.4 ሄክታር ገደማ ያርሳል። ይህ ትራክተር በሰኔ ወር ለ10 ቀን ከቆመ ወደ 34 ሄክታር ሳይታረስ ቀረ ማለት ነው። አንድ ጥማድ በሬ በቀን ሩብ ሄክታር ያርሳል ብለን ካሰብን፣ ከ130 በላይ ጥማድ በሬ የአንድ ቀን ሥራ ጠፋ።

አሁን ማልቲ ፓወሩ ማረሻውን ሳያቆም በመቀየሩ ሥራውን በ10 በመቶ አፋጠነው እንበል። ይህ በቀን የሄክታር ሲሶ ያህል ጭማሪ ነው። በ10 ቀን መቆም የጠፋውን 34 ሄክታር በዚህ ጭማሪ ለመመለስ 100 የሥራ ቀን ይፈጃል። 100 ቀን ሙሉ የሚታረስበት ወቅት ደግሞ የለንም። ዝናቡ አይጠብቅም። ዘር ያለፈበት ማሳ በሐምሌ የተጠገነ ትራክተር አያድነውም። ትራክተሩ ቢቆምም የብድሩ ቀጠሮ አይቆምም።

ስለዚህ የገዢው የመጀመሪያ ጥያቄ «የትኛው ይፈጥናል?» ሳይሆን «የትኛው ሲበላሽ በቅርብ ይጠገናል?» መሆን አለበት። ባለ 8 ማርሹ ቢበላሽ የሚፈልገው ጥርስ፣ ኩሽኔታ ወይም የማርሽ መቀየሪያ ሹካ ነው። አሮጌ የጭነት መኪና ካምቢዮ የፈታ መካኒክ ሊረዳው ይችላል። የማልቲ ፓወሩ ዲስኮችና የዘይት መዝጊያ ቀለበቶች ሲበላሹ ግን ትራክተሩ መሐል ለመሐል ተከፍሎ ካምቢዮው መውጣት አለበት። ሥራውን የሚያውቅ ሰውና ትክክለኛው መለዋወጫ ከሌለ ትራክተሩ ለሁለት ተከፍሎ ክረምቱን በጋራዥ ያሳልፋል።

ማልቲ ፓወሩ ሲደክም ሻጮች የሚሉት የታወቀ ነው፤ «ከፍተኛው ባይሠራም በዝቅተኛው ያርሳል»። እውነት ነው፤ ያርሳል። ገዢው ግን የ12 ማርሽ ዋጋ ከፍሎ በ6 ማርሽ እየሠራ ነው፤ ያም ስድስት በቁልቁለት ሞተር የማይዘው ስድስት ነው። እንዲህ ያለ ትራክተር በርካሽም ቢሆን ተዳፋት ላለበት አካባቢ መገዛት የለበትም።

ይህን ስንል ባለ 8 ማርሹ ሁልጊዜ ይሻላል ማለታችን አይደለም። ፍሪሲዮን በቅጡ በማይረግጡ ሹፌሮች እጅ የቆየ ባለ 8 ማርሽ ጥርሱ ተሸርፎ፣ ሹካው አልቆ ሊገኝ ይችላል። ያለቀ ባለ 8 ማርሽ ከጤነኛ ባለ 12 ማርሽ አይሻልም። እንደ መተማና ቋራ ባሉ ሰፋፊና ሜዳማ እርሻዎች፣ ቋሚና የሠለጠነ ሹፌር ላለው፣ ሥራውን የሚያውቅ መካኒክና መለዋወጫ በቅርብ ለሚያገኝ ገዢ ጤነኛ ማልቲ ፓወር ጥሩ ምርጫ ነው። ሹፌር በየጊዜው ለሚቀያየርበት፣ ተሳቢ በተዳፋት ለሚጎተትበትና መካኒክ ሩቅ ለሆነበት የደጋ ማኅበር ግን ጤነኛው ባለ 8 ማርሽ የሚመረጥበት በቂ ምክንያት አለ።

ከመክፈል በፊት የሚደረግ ፈተና

ጤነኛ መሆኑ የሚታወቀው በፈተና ነው። ፈተናው ውድ መሣሪያ አይጠይቅም፤ ግማሽ ቀን፣ ማረሻ፣ ጥቂት ናፍጣና ከሻጩ ጋር ዝምድና የሌለው መካኒክ ይበቃል።

በመጀመሪያ ትራክተሩ ሳይሞቅ ይታይ። ሻጩ አስቀድሞ አስነስቶ ካቆየው ለሌላ ቀን ይቀጠር። የካምቢዮው ዘይት ጥቂት ተቀድቶ ይታይ። ወተት የመሰለ ዘይት ውኃ እንደገባበት፣ የብረት ፍቅፋቂ ያለበት ዘይት ጥርስ ወይም ኩሽኔታ እየተበላ መሆኑን ይናገራል። ገና ትናንት የተቀየረ የሚመስል ንጹሕ ዘይት ደግሞ ለምን እንደተቀየረ ይጠየቅ።

ቀጥሎ ማረሻ ተገጥሞለት ቢያንስ ለአንድ ሰዓት ይረስ። ዘይት ሲሞቅ ይቀጥናል፤ የደከመ የዘይት ግፊት የሚጋለጠው ያኔ ነው። ሞተሩ እየጮኸ ትራክተሩ ፍጥነቱን ካልጨመረ የሆነ ቦታ እየተንሸራተተ ነው። የት እንደሆነ ለመለየት ማልቲ ፓወሩ ወደ ዝቅተኛው ይደረግ። መንሸራተቱ ከቆመ ችግሩ የማልቲ ፓወሩ ነው፤ በሁለቱም ካለ ዋናው ፍሪሲዮን ሊሆን ይችላል። እጀታው ሲቀየር ትራክተሩ ወዲያው መታዘዝ አለበት፤ ቆይቶ የሚታዘዝ ከሆነ ያስጠረጥራል።

ከዚያ ለስለስ ባለ ተዳፋት ላይ፣ ያለ ተሳቢ፣ ፍሬኑ አስቀድሞ ተፈትሾ፣ ነዳጅ መስጫው ተለቅቆ ይውረድ። ባለ 8 ማርሹ በዚህ ጊዜ ማርሹን የሚተፋ ከሆነ ውስጡ አልቋል። ማልቲ ፓወሩ በከፍተኛው ላይ እያለ ሞተሩ ሊይዘው ይገባል፤ ካልያዘው ጤነኛ አይደለም። በሁለቱም ትራክተሮች እያንዳንዱ ማርሽ፣ ወደኋላ የሚሄደውም ጭምር፣ አንድ በአንድ ይሞከር። ፒቲኦ የሚባለው የኋላ የኃይል ዘንግም ሸክም ተሰጥቶት ይታይ፤ መውቂያ ወይም የበቆሎ መፈልፈያ የሚያዞረው እሱ ነውና።

የሰዓት ቆጣሪው የሚያሳየው ቁጥር ብቻውን አይታመን፤ ሊቀየር ወይም ቆሞ ሊሆን ይችላል። የፍሪሲዮንና የፍሬን ፔዳሎቹ መላጥ፣ የማንሻ ክንዶቹ ቀዳዳ መስፋትና የመሪው መላላት ከቆጣሪው ይልቅ እውነቱን ይናገራሉ። በመጨረሻም የሞተሩና የሻንሲው ቁጥር ከሊብሬው ጋር ይመሳከር።

ከወረዳው የሚጠበቀው

ይህን ሁሉ አንድ አርሶ አደር ብቻውን እንዲያደርገው መተው አይገባም። ብዙ ጊዜ የማኅበራት የግዢ ሰነድ ላይ የሚጻፈው የፈረስ ጉልበት፣ የሥሪት ዘመንና ዋጋ ነው። በዚህ ሰነድ ሁለቱ ትራክተሮች እኩል ናቸው፤ ያሸነፈው በዋጋ ያሸንፋል። የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶችና የኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤቶች የካምቢዮው ዓይነት፣ የማርሹ ብዛት፣ በሸክም የተደረገው ፈተና ውጤትና የመለዋወጫው መገኛ በሰነዱ ላይ እንዲሰፍር ማድረግ ይችላሉ። አዲስ በጀት አይጠይቅም፤ አራት መስመር መጨመር ነው። ፈተናውን ያካሄደው መካኒክም ስሙን ጽፎ ይፈርምበት። ፊርማ ያለበት ወረቀት የሻጩንም የገዢውንም አንደበት ያርመዋል።

የግዢው ጊዜም ይታሰብበት። ሰኔ ግም ሲል ትራክተር ፍለጋ የሚወጣ ኮሚቴ ለመፈተን ጊዜ የለውም፤ ሻጩ ያቀረበለትን ይቀበላል። ምርት ከተሰበሰበ በኋላ፣ በጥርና በየካቲት የሚገዛ ግን ሁለት ሦስት ትራክተር ያወዳድራል፤ የተገኘውን እንከንም የመጀመሪያው እርሻ ከመጀመሩ በፊት ያስጠግናል።

ትራክተሩ ከተገዛ በኋላም ሹፌሩ በያዘው ካምቢዮ ላይ ሊሠለጥን ይገባል። መንጃ ፈቃድ ማልቲ ፓወር በቁልቁለት እንዴት እንደሚያዝ አያስተምርም። የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛዎች ለሹፌሮችና ለገጠር መካኒኮች አጫጭር ሥልጠና ቢሰጡ፣ ዩኒየኖችም አባል ማኅበራትን አስተባብረው አንድ መካኒክና የጋራ መለዋወጫ መጋዘን ቢኖራቸው፣ ዛሬ ለአንድ ማኅበር የሚከብደው ወጪ ለአሥር ማኅበር ይቀልላል። እያንዳንዱ ማኅበርም ትራክተሩ ስንት ቀን እንደሠራ፣ ስንት ቀንና በምን ምክንያት እንደቆመ የሚጽፍበት ደብተር ይኑረው። ቀጣዩን ትራክተር ሲገዛ ከሻጭ ምላስ የተሻለ አማካሪ ያ ደብተር ነው።

በወረዳ ሪፖርት ላይ የተገዙ ትራክተሮች ቁጥር ሲጨምር ደስ ይላል። አርሶ አደሩን የሚጠቅመው ግን በሰኔና በሐምሌ እየሠራ የሚገኘው ትራክተር ቁጥር ነው። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት ከግዢው ቀን ጀምሮ ይወሰናል። ስለዚህ ቀጣዩ የግዢ ኮሚቴ ወደ ሻጩ ግቢ ሲሄድ መካኒክ ይዞ፣ ማረሻ ጭኖ፣ ለመሬቱ የሚስማማው የትኛው ካምቢዮ እንደሆነ አስቀድሞ ወስኖ ይሂድ። ሻጩ ትራክተሩን በሸክም ለማስፈተን ፈቃደኛ ካልሆነም ኮሚቴው ገንዘቡን እንደያዘ ወደ ቀበሌው ይመለስ።